ከመሬት የተነጠለ ተቆጣጣሪ፦ በከፍተኛ ተንሳፋፊ ቮልቴጅ ላይ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ ደኅንነት ዳሰሳ

የመቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ቮልት ነው፤ 5 ወይም 24 ይበቃዋል። ሆኖም ይኸው ሰሌዳ ከነባትሪውና ከነሽቦው ከመሬት በ30 ሺህ ወይም በ400 ሺህ ቮልት ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ የሚገደድባቸው ሥራዎች አሉ። የአዮን ምንጭ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጠመንጃ፣ የረጅም ርቀት የቀጥተኛ ከረንት መስመር ቫልቭ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ሰሌዳው በውስጡ ሰላም ነው። አደጋው ያለው በእርሱና በመሬት መካከል ሲሆን፣ ሰው የሚቆመው ደግሞ መሬት ላይ ነው።

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከመሬት ለተነጠለ ተቆጣጣሪ ኃይልና ትዕዛዝ እንዴት ይድረሰው? ብልጭታ ሲዘል እርሱ ራሱ እንዴት ይትረፍ? የሚጠግነው ሰውስ በምን ይተማመን? ለዚህ ዳሰሳ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል አካባቢ የተመረጠው፣ የጉዳዩ ሦስት ዘርፎች ማለትም የፊዚክስ ቤተ ሙከራው፣ የሕክምና መሣሪያውና የኃይል ማስተላለፊያው በአንድ ሰፈር ስለሚገኙ ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ የተዘረጋው መስመር ጥያቄውን የኢትዮጵያም አድርጎታል። እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ሁኔታዎችን መለየት

ብዙ ክርክር የሚነሳው ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች በአንድ ላይ ስለሚታዩ ነው።

የመጀመሪያው ከመሬት ጋር ምንም ዓይነት የታወቀ ግንኙነት የሌለው ዕቃ ነው። ቮልቴጁ ስንት እንደሆነ ማንም አይናገርም፤ ከአጠገቡ ካለ ከፍተኛ ቮልቴጅ በካፓሲተር ጠባይ ወይም ሾልኮ በሚያልፍ ከረንት ቀስ በቀስ ሊሞላ ይችላል። ሁለተኛው ሆን ተብሎ በኃይል ምንጭ ተይዞ በታወቀ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ሰውን ለመጠበቅ ሲባል ከመሬት የተነጠለ ነው፤ በልብ ላይ የሚገጠም መሣሪያ እዚህ ይመደባል። በሁለተኛው ሰው ከመሣሪያው ይሸሻል፤ በሦስተኛው መሣሪያው ሰውነቱን ይነካዋል። የኢንሱሌሽን ትምህርታቸው አንድ ቢሆንም፣ አደጋ የሚባለው ነገር ግን የተለያየ ነው።

ከሦስቱ እጅግ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ ሳይታሰብ የሚፈጠረውም እርሱ ነው። በየጥገና ቤቱ የኦሲሎስኮፕን ሦስተኛ የሶኬት እግር ነቅሎ ወይም ቆርጦ የማንሳፈፍ ልማድ የዚህ ምሳሌ ነው። መሣሪያው ይሠራል፤ የብረት ሣጥኑ ግን የሚለካውን ቮልቴጅ ይዞ የሰው እጅ ይጠብቃል። ዛሬ ዲፈረንሻል ፕሮብ አለ፤ ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ፕሮብም ገበያ ላይ አለ። ልማዱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። የቀረው ምክንያት ዋጋ ነው።

አመጣጡ፦ ሰው ሉሉ ውስጥ ሲገባ

የመጀመሪያው መልስ ሰውየውንም አብሮ ማንሳፈፍ ነበር። ማይክል ፋራዴይ በ1836 በብረት የተሸፈነ ክፍል ሠርቶ መለኪያውን ይዞ ገባ፤ በውጭ ብልጭታ ሲዘል በውስጥ ምንም አልታየም። በ1933 በማሳቹሴትስ ራውንድ ሂል የቆመው የሮበርት ቫን ደ ግራፍ ማሽን 4 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ባላቸው የአሉሚኒየም ሉሎቹ ውስጥ ቤተ ሙከራ ነበረው፤ ተመልካቹ ከመሣሪያው ጋር በሚሊዮን በሚቆጠር ቮልት ላይ ይቀመጥ ነበር። አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ሰው የቮልቴጅ ልዩነት ስለማይሰማው፣ ይህ አካሄድ በፊዚክሱ ትክክል ነበር። ችግሩ መግቢያና መውጫው ነው። በተሳሳተ ጊዜ እግሩን ወደ መሬት የዘረጋ ሰው ሙሉውን ልዩነት ይሸከማል።

ሁለተኛው መልስ ከመሬት ሆኖ ማዘዝ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዊሊያምስና ባልደረቦቹ በ1940 ገደማ የገነቡት የቫን ደ ግራፍ ማሽን በግፊት ታንክ ውስጥ የታሸገ ነበርና ሰው ሊገባበት አይችልም። በእንዲህ ያሉ ማሽኖች የላይኛውን የአዮን ምንጭ የሚያስተካክሉት በማያስተላልፉ ዘንጎችና ገመዶች ነበር፤ ለፋይላመንቱና ለጋዝ ቫልቩ የሚሆነው ኃይል የሚመነጨው ቻርጅ ተሸካሚው ቀበቶ በላይኛው መዘውር ከሚያዞረው ትንሽ ጄኔሬተር ነበር። እዚያው ዩኒቨርሲቲ አልፍሬድ ኒር በ1940 ዩራኒየም 235ን በማስ ስፔክትሮሜትር ለይቶ ሲያወጣ፣ የአዮን ምንጩ ከመሬት በላይ በተያዘ ቮልቴጅ ላይ ነበር። የዚህ ቤተሰብ መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት ጥያቄ አላቸው፤ የፋይላመንቱን ከረንት የሚያረጋጋው ሰርኪዩት ከምንጩ ጋር ይንሳፈፍ ወይስ ከመሬት ይታዘዝ?

ኢንዱስትሪው ከጥያቄው ጋር በሰፊው የተገናኘው በ1954 ነው። በዚያ ዓመት አሴአ የተባለው የስዊድን ኩባንያ፣ በኡኖ ላም መሪነት፣ የጎትላንድን ደሴት በ100 ሺህ ቮልትና በ20 ሜጋዋት የቀጥተኛ ከረንት መስመር ከዋናው ምድር ጋር አገናኘ። ከረንቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ቫልቮች የሜርኩሪ አርክ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው ከፍታ ላይ ሆነው የማቀጣጠያ ምልክትና ረዳት ኃይል ይጠይቁ ነበር። በ1972 በካናዳ ኢል ሪቨር ሙሉ በሙሉ በታይሪስተር፣ ማለትም በምልክት በሚከፈት የሴሚኮንዳክተር ማብሪያ፣ የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ ሲከፈት ጥያቄው ተባዛ። በአንድ ትልቅ ቫልቭ ቦታ ተከታትለው የተሰለፉ በርካታ ታይሪስተሮች ተተኩ፤ እያንዳንዱም በተለያየ ቮልቴጅ ላይ ሆኖ፣ ግን በአንድ ቅጽበት መታዘዝ ነበረበት።

ሚኒሶታ፣ 1977 እና 1979

ሚኒሶታ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮችን ተቀበለች። በ1977 ሥራ የጀመረው የስኩዌር ቢዩት መስመር ከሰሜን ዳኮታ እስከ ዱሉት አቅራቢያ በ250 ሺህ ቮልት 500 ሜጋዋት እንዲያደርስ የተሠራ ነበር። የሁለት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት የነበረው ሲዩ የተባለው መስመር በ1979 ሥራ ጀመረ፤ ከኮል ክሪክ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ተነስቶ 700 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ራይት ካውንቲ ባለው የዲኪንሰን ጣቢያ ይቆማል። ቮልቴጁ በአዎንታና በአሉታ 400 ሺህ፣ አቅሙ 1,000 ሜጋዋት ነው።

የዚህ ትውልድ ቫልቮች የኃይሉን ጥያቄ የፈቱት ከሌላ ቦታ ባለማምጣት ነው። በእያንዳንዱ ታይሪስተር አጠገብ ያለች ትንሽ ሰሌዳ የምትመገበው ከዚያው ከታይሪስተሩ ግራና ቀኝ ካለው ቮልቴጅ ነው፤ ትዕዛዙ በብርሃን መምሪያ ይመጣል፤ «ደርሶኛል፣ ደኅና ነኝ» የሚለው ምላሽም በብርሃን ይመለሳል። ቫልቩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ራሱ ከአዮን የተጣራ ሲሆን፣ ማስተላለፍ ከጀመረ ጣቢያው እንዲቆም ያለማቋረጥ ይለካል። ከመሬት ወደ ላይ የሚሻገር ማንኛውም ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ የኢንሱሌሽኑ አካል ነው።

መስመሩ በገበሬዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ማማዎች ተጣሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢንሱሌተሮችም በጥይት ተሰበሩ። የካርልተን ኮሌጅ መምህራን የነበሩት ባሪ ካስፐርና ኋላ ሴናተር የሆነው ፖል ዌልስቶን ታሪኩን በ1981 በመጽሐፍ አሳትመውታል። የገበሬዎቹ ክርክር በመሬት መወሰድና በጤና ላይ ነበር፤ ለዚህ ዳሰሳ ግን አንድ ነገር ያሳያል። በጣቢያው ውስጥ የቱንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ፣ መንሳፈፉን የሚጠብቀው ኢንሱሌተር አብዛኛው በሰው ማሳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።

ተቃራኒው መንሳፈፍ፦ የልብ መሣሪያ

በሚኒያፖሊስ ደግሞ ጥያቄው ከሌላ አቅጣጫ ተነስቷል። በ1950ዎቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የልብ ቀዶ ሕክምና በሽተኞች ከግድግዳ ሶኬት በሚሠራ የልብ ምት መሣሪያ ይረዱ ነበር። ጥቅምት 31 ቀን 1957 በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መብራት ሲጠፋ የዚህ አሠራር ጉድለት ፈጥጦ ወጣ። በ1949 ሜድትሮኒክን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኧርል ባከን በሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ በአንገት የሚንጠለጠል መሣሪያ ሠራ።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የመብራት መቋረጥ መፍትሔ ተደርጎ ነው። ባትሪው ግን ሌላም ነገር አድርጓል፤ በልብ ጡንቻ ላይ ያለውን ሽቦ ከከተማው የኤሌክትሪክ መረብ ቆርጦታል። ለልብ የሚያሰጋው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። የሕክምና መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 60601፣ በቀጥታ ልብ ላይ ለሚገጠም ተንሳፋፊ ክፍል በጤናማ ሁኔታ የሚፈቅደው 10 ማይክሮአምፒር፣ አንድ ብልሽት ሲኖር 50 ማይክሮአምፒር ብቻ ነው። ከዚህ ጀርባ ያለው «አንድ ነገር ቢበላሽም ሰው አይጎዳ» የሚለው መርህ ዛሬ በከፍተኛ ቮልቴጅ ቤተ ሙከራም ይሠራል።

ኃይሉን ማሻገር፦ አራት አቋሞች

በዛሬው አሠራር የሚያከራክረው ዋናው ነጥብ ኃይል ነው።

አንደኛው ወገን አይሶሌሽን ትራንስፎርመርን ይመርጣል። ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ኪሎዋትም ቢጠየቅ ይሰጣል። ድክመቱ በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ያለው ካፓሲታንስና፣ ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ውስጡን በጥቃቅን ብልጭታ ተበልቶ አንድ ቀን በድንገት መበሳቱ ነው። ሲበሳ ሙሉው ቮልቴጅ ወደ ሕንፃው ሽቦ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ከመሬት ጋር የታሰረ የብረት መጋረጃ እንዲኖረው ይጠየቃል።

ሁለተኛው ወገን ባትሪ ይላል። ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ምንም የለም፤ ካፓሲታንሱም የሣጥኑ ብቻ ነው። ግን ባትሪ ያልቃል፤ ሙከራ ደግሞ በመሃል አይቆምም። ከዚህ የሚብሰው፣ ዋናው ምንጭ ተዘግቶ ሁሉም ነገር ሞቷል በተባለበት ሰዓት ባትሪው አለመሞቱ ነው። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ብልጭታ በሚዘልበት ሣጥን ውስጥ የእሳት ስጋት ይጨመራል።

ሦስተኛው ወገን ኃይሉን በሜካኒካል መንገድ ያሻግራል፤ በማያስተላልፍ ዘንግ የሚዞር ጄኔሬተር ወይም በታመቀ አየር የሚሠራ ተርባይን ይጠቀማል። ካፓሲታንሱ ትንሽ፣ አቅሙ በቂ ነው። ኩሽኔታው ግን ያልቃል፣ ዘንጉም አቧራ ይይዛል።

አራተኛው ወገን ብርሃንን ይመርጣል። ሌዘር በፋይበር ይላካል፤ ላይ ያለ ትንሽ የፀሐይ ሴል መሰል ተቀባይ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በቀጥተኛ ከረንት ጣቢያዎች የከረንት መለኪያዎች በዚህ መንገድ ሲመገቡ ኖረዋል። ኢንሱሌሽኑ እጅግ ጥሩ ነው፤ የሚደርሰው ኃይል ግን በጥቂት ዋት የሚቆጠር ነው፤ የተሰበረ ፋይበርም ለዓይን አደገኛ ነው።

ማስረጃው ለአንዳቸውም ሙሉ ድል አይሰጥም። ከጥቂት ዋት በታች ብርሃን፣ ለአጭር ሙከራ ባትሪ፣ ለረጅምና ለከባድ ሥራ ትራንስፎርመር ወይም ዘንግ የሚለው ክፍፍል ግን በአብዛኛው ያስማማል።

ትዕዛዙን ማሻገር

በትዕዛዝ በኩል ክርክሩ ወደ ማለቁ ነው፤ ፋይበር ኦፕቲክ አሸንፏል። የቀሩት ሁለት ጥንቃቄዎች ናቸው። ማጠናከሪያ ብረት ያለው ወይም ሽፋኑ ካርቦን የበዛበት ፋይበር ኢንሱሌተር አይደለም፤ ንጹሑም ቢሆን አቧራና እርጥበት ሲይዘው በገጹ ላይ ከረንት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ የብርሃን መጥፋት «አቁም» ማለት መሆን አለበት። ትዕዛዙ የሚጠፋበት መሣሪያ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ ከቀጠለ፣ የተቆረጠ ፋይበር መቆጣጠር የማይቻል መሣሪያ ይፈጥራል።

ያልተዘጋው ክርክር፣ ላይ ምን ያህል ኤሌክትሮኒክስ ይቀመጥ የሚለው ነው። በብርሃን በቀጥታ የሚቀጣጠል ታይሪስተር በ1997 በኦሪገን ሴሊሎ ጣቢያ ተሞክሮ፣ በ2001 በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ መካከል ባለው የሞይል መስመር ሥራ ላይ ዋለ። ደጋፊዎቹ ላይ ያለው ሰሌዳ ሲቀንስ የሚበላሽም ይቀንሳል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ሰሌዳው ቅርብ ሆኖ ታይሪስተሩን ከድንገተኛ ቮልቴጅ በቅጽበት እንደሚጠብቅ፣ ስለ ጤንነቱም ብዙ እንደሚናገር ያስረዳሉ። ሁለቱም ዓይነት ጣቢያዎች ለዓመታት ሠርተዋልና ልዩነቱ በአምራቾች ምርጫ እንጂ በማያሻማ ማስረጃ አልተዘጋም።

ብልጭታ ሲዘል

መሣሪያዎች በብዛት የሚሞቱት ቮልቴጁ ከፍ ባለበት ሰዓት ሳይሆን በድንገት በሚወድቅበት ቅጽበት ነው። በ30 ሺህ ቮልት ላይ ያለ ሣጥን በብልጭታ ምክንያት በ10 ናኖሴኮንድ ወደ ዜሮ ቢወርድ፣ 20 ፒኮፋራድ ብቻ ባለው ትራንስፎርመር ውስጥ ለዚያች ቅጽበት 60 አምፒር ይነጉዳል። ጥሩ የተባለ ትራንስፎርመር እንኳ ይህን ያህል ካሳለፈ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አሠራር ወሳኝ ይሆናል፦ ሙሉ የብረት ሣጥን፣ አንድ የጋራ መነሻ ነጥብ፣ በየመግቢያው ማፈኛና ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር።

ለመሣሪያና ለሰው የሚያሰጋው መጠን እንደሚለያይም ልብ ይሏል። 100 ፒኮፋራድ ያለው ሣጥን በ30 ሺህ ቮልት የሚይዘው 45 ሚሊጁል ነው፤ ሰውን ይነዝራል፣ ያስደነግጣል፣ ከመሰላልም ሊጥል ይችላል፤ ሰሌዳን ግን ያቃጥላል። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በ10 ሺህ ቮልት 5 ጁል ይይዛል፤ በአንድ ሦስተኛ ቮልቴጅ ከመቶ እጥፍ በላይ ጉልበት ማለት ነው። ስለዚህ አደጋን በቮልት ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ የተጠራቀመውን ጉልበትና የምንጩን የከረንት አቅም አብሮ ማየት ግድ ነው።

ሰውየው በምን ይተማመን?

በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ መነሻው 50 ቮልት ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ያለ ክፍል ሰው ከመቅረቡ በፊት መጥፋት አለበት፣ ካልሆነም የተለየ ምክንያትና ጥበቃ ይጠየቃል። ሚኒሶታ ይህን የምታስፈጽመው በራሷ የክልል መሥሪያ ቤት ነው። ቅደም ተከተሉ በየትም ያው ነው፦ ማጥፋት፣ ቆልፎ መለያ ማንጠልጠል፣ መለኪያውን በሚታወቅ ምንጭ ፈትሾ ቮልቴጅ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በሬዚስተር በኩል አፍስሶ በግራውንድ ዘንግ ከመሬት ማሰርና ሥራው እስኪያልቅ ዘንጉን አለማንሳት። የመጨረሻው የሚያስፈልገው ካፓሲተር ከፈሰሰ በኋላም ከውስጡ ቻርጅ ስለሚያገግም ነው።

ክርክሩ የከፍተኛ ቮልቴጁ ክፍል በር ሲከፈት ምንጩን በሚያጠፋው ኢንተርሎክ ላይ ነው። አንዱ ወገን በሪሌይና በሽቦ ብቻ የተሠራውን ይመርጣል፤ ቀላል ነው፣ በዓይን ይታያል። ሌላው ራሱን የሚፈትሽ ፕሮግራም ተቀባይ የደኅንነት ተቆጣጣሪ የተደበቀ ብልሽትን ቶሎ እንደሚይዝ ይናገራል። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ግን አለ፤ ላይ የሚንሳፈፈው ተቆጣጣሪ ራሱ የሰው ጠባቂ መሆን የለበትም። «ቮልቴጅ የለም» የሚለው ንባቡ መረጃ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ከፍታ፦ የኢትዮጵያ ልዩ ጉዳይ

ሚኒያፖሊስ ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል አንፃር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በቀላሉ ይበሳል። በባሕር ጠለል በወጥ የኤሌክትሪክ መስክ በሚሊሜትር 3 ሺህ ቮልት ያህል የሚችለው አየር በዚህ ከፍታ ያን አይችልም። የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ደረጃ አይኢሲ 61010 የአየር ክፍተቶችን የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ፣ ከ3,000 እስከ 4,000 በ1.29 እንዲባዛ ያዝዛል። ለማስተላለፊያ መስመሮች ስሌቱ ሌላ ነው፤ እርማቱም የሚጀምረው ዝቅ ካለ ከፍታ ነው።

ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የ500 ሺህ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ ኬንያ በኅዳር ወር 2022 ኃይል መግዛት ጀምራለች። እንዲህ ያለው ጣቢያ ከፍታው ተሰልቶለት ይነደፋል። ስጋቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ ለዝቅተኛ አገር ተሠርቶ፣ ከፍታው ሳይጠየቅ በዩኒቨርሲቲና በሆስፒታል የሚተከል መሣሪያ ላይ። «እስከ 2,000 ሜትር» የሚለው የመመሪያው መስመር በደጋ ከተማ ሊዘለል አይገባውም።

ጋዝ፦ አዲሱ ክርክር

ክፍተቱን ማስፋት ካልተቻለ አየሩን መቀየር ይቻላል። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ በተመሳሳይ ግፊት ከአየር 2.5 ጊዜ ያህል ይበረታል፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23 ሺህ ጊዜ በላይ ይከፋል። ከሴንት ፖል ጎን በሜፕልውድ የሚገኘው ስሪኤም ኩባንያ ኖቬክ 4710 የተባለ ምትክ አቅርቦ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ በመቀያየሪያ ጣቢያዎች ገብቶ ነበር። ኩባንያው ግን በታኅሣሥ 2022 በተፈጥሮ የማይበሰብሱ የፍሎራይን ኬሚካሎችን ምርት እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ይህ ጋዝ የዚያው ቤተሰብ ነው። አንዳንዶች ወደ ደረቅ አየርና ወደ ቫኪዩም ሲዞሩ፣ ሌሎች ሌላ አምራች ይፈልጋሉ። አንዱ የአካባቢ ጉዳት በሌላ ሊተካ አይገባም የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም።

ፍርድ

ከታሪኩ የሚወጣው መመዘኛ አንድ ነው፦ ከመሬት ወደ ላይ የሚሻገረውን ሁሉ፣ ኃይሉን፣ ትዕዛዙን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሰውን እጅ ጨምሮ፣ እንደ አንድ አጥር ቆጥሮ መመርመር። ብርሃን ትዕዛዙን አሻግሯል፤ ኃይሉ ግን አሁንም እንደ ሥራው ዓይነት የሚመረጥ ነው። ስለዚህ ላይ የሚቀመጠው ኤሌክትሮኒክስ በተቻለ መጠን ይነስ፤ የሚቀመጠውም ዋናው ምንጭ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ይሁን፤ ባትሪ ግድ ከሆነ ከመሬት በፋይበር የሚዘጋ ማጥፊያ ይኑረው። በአገራችን መሣሪያ የሚገዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የኃይል ተቋማት ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ሁለት ጥያቄዎችን ያስገቡ፦ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ተፈትኗል? የግራውንድ ዘንጉ የሚያርፍበት ቦታ የት ነው? ለሁለቱ መልስ የሌለው ሻጭ መሣሪያውን ይዞ ይመለስ።